ባለቤቱ የተቀየረ አድራሻ፦ የዴቢያን መልቲሚዲያ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2013፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የዴቢያን ፕሮጀክት አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ዴቢያን ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት፣ ኡቡንቱም የተገነባበት የሊኑክስ ስርጭት (ከነፕሮግራሞቹ የተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ነው። የማስታወቂያው ፍሬ ነገር ይህ ነበር። ዴቢያን መልቲሚዲያ ዶት ኦርግ የሚለውን አድራሻ ከኮምፒውተራችሁ አውጡት። ሪፖዚተሪው፣ ማለትም ከዴቢያን ውጭ የተዘጋጀው የሶፍትዌር ማከማቻ (ባጭሩ ሪፖ)፣ በዚያ ስም መጠቀም ካቆመ ወራት አልፈዋል። የዶሜኑ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስሙ፣ ምዝገባ ጊዜው አልፎ ነበር፤ አሁን እኛ የማናውቀው ሰው አስመዝግቦታል። ስለዚህ ከዚያ አድራሻ መውሰድ ከእንግዲህ አያስተማምንም። በቅንፍም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ተሳስተን ከሆነ ኢሜይል ላኩልንና ዶሜኑን እንረከበው የሚል።

ይኸው ነው። ጥቃት ደረሰ አላሉም። ቫይረስ ተገኘም አላሉም። የአድራሻው ባለቤት ተቀየረ፣ አዲሱን አናውቀውም፣ አውጡት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ስለ ሪፖ አያያዝ ለሰው ማስረዳት ስፈልግ ሁሌ የምመለሰው ወደዚህ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሪፖውን የከፈተው ሰው ለዓመታት ብዙዎችን ጠቅሟል። ዴቢያንም ያደረገው ትክክል ነበር። ተጠቃሚውም ያጠፋው ነገር የለም፤ ቪዲዮ ማየት ነበር የፈለገው። ሆኖም መጨረሻ ላይ የማይታወቅ ሰው፣ ስንት ሰው ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ በቀረ አድራሻ ላይ ባለቤት ሆኖ ተገኘ።

ሪፖ ስንጨምር ፕሮግራም የጫንን ይመስለናል። የሰጠነው ግን ውክልና ነው። ያውም ጠቅላላ ውክልና፣ እስኪሻር ድረስ የሚሠራ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

በ2000ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዴቢያንን አዲስ የጫነ ሰው ሙዚቃና ፊልም ሲከፍት ይቸገር ነበር። የዲቪዲ ፊልም አይከፈትም። አንዳንድ የቪዲዮ ዓይነቶች ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያሉ። ኤምፒስሪ የሚሠራው ሌም የተባለው ፕሮግራም በዴቢያን ውስጥ አልነበረም። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ዴቢያን ነጻ ሶፍትዌርን በተመለከተ ጥብቅ መመሪያ አለው፤ በዚያ ላይ የፓተንት ስጋት ነበር። የኤምፒስሪ የፓተንት ፈቃድ ሽያጭ እንኳን የቆመው በ2017 ነው።

ክፍተቱን የሞላው አንድ የዴቢያን ዴቨሎፐር ነበር። በግሉ ሪፖ ከፈተ። ዴቢያን መልቲሚዲያ ብሎ ሰየመው። ዴቢያን የማይዛቸውን ኮዴኮች (የቪዲዮና የድምፅ ፋይል የሚፈቱ ፕሮግራሞች)፣ አዳዲስ የማጫወቻ ፕሮግራሞችን፣ ቪዲዮና ድምፅ የሚያቀናብረውን የኤፍኤፍኤምፔግን ሙሉ ቅጂ እያዘጋጀ ያስቀምጥ ጀመር። ሰው ወደደው። ዴቢያን ላይ ፊልም ማየት ለሚፈልግ ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፦ ይችን መስመር ጨምር።

በ2011 ነገሩ የበለጠ ተጧጧፈ። የኤፍኤፍኤምፔግ ሠሪዎች ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ። የተገነጠለው ቡድን ሊብኤቪ የሚል ስም ያዘ። ዴቢያንም ከሊብኤቪ ጋር ሄደ። ኤፍኤፍኤምፔግ እንደገና የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው ይፋ እትም) አካል ሆኖ የወጣው በ2017፣ ስትሬች ከተባለው እትም ጋር ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ትክክለኛውን ኤፍኤፍኤምፔግ የፈለገ ሰው የት ይሂድ? ወደዚያው የግል ሪፖ ነበር የሚሄደው።

ያቺ መስመር

አፕት የተባለው ፕሮግራም ሶፍትዌር ከየት እንደሚያመጣ የሚያነበው ሶርስስ ዶት ሊስት ከሚባል ፋይል ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ሰዎች የጨመሯት መስመር አራት ነገር ብቻ አለባት። መጀመሪያ ዴብ የሚል ቃል፤ የፓኬጁን (ለመጫን የተጠቀለለውን ሶፍትዌር) ዓይነት ይናገራል። ቀጥሎ አድራሻው፣ በኤችቲቲፒ የሚጀምር። ከዚያ የዴቢያን እትም ስም፣ ለምሳሌ ስኩዊዝ። መጨረሻ ላይ ሜይን እና ነን-ፍሪ የሚሉ ክፍሎች።

እስቲ የሌለውን ነገር እንይ። የፈለጋችሁትን ፕሮግራም የሚጠቅስ ቃል የለም። እናንተ አንድ ኮዴክ ነው የፈለጋችሁት። መስመሯ ግን ያንን አታውቅም። መስመሯ የምትለው "ከዚህ አድራሻ የመጣ ማንኛውም ነገር ይሁንልኝ" ነው። ነገ አድራሻው ላይ አዲስ የሲስተም ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ቢቀመጥ፣ አዲስ ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) ቢቀመጥ፣ አፕት ያንንም ከእጩዎቹ ጋር ያሰልፈዋል።

አሰላለፉም የራሱ ሕግ አለው። አፕት ለእያንዳንዱ ሪፖ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። ልዩ ትእዛዝ ከሌለ ሁሉም 500 ነው። የዴቢያን 500፣ የግለሰቡም 500። እኩል ሲሆኑ የሚያሸንፈው ከፍ ያለ የቨርዥን ቁጥር ያለው ነው። በዴቢያን አሠራር ደግሞ ከቨርዥኑ ፊት የሚቀመጥ ኢፖክ የሚባል ቁጥር አለ። ኢፖኩ ከፍ ያለ ፓኬጅ የቀረው ቁጥር ሳይታይ ያሸንፋል። የዴቢያን መልቲሚዲያ ፓኬጆች ከፍ ያለ ኢፖክ ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ መስመሯን የጨመረ ሰው አንድ ኮዴክ ፈልጎ፣ በሚቀጥለው አፕግሬድ የመልቲሚዲያ ላይብረሪዎቹ በሙሉ ሲተኩ ያይ ነበር። ካየ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ዝርዝሩን አያነብም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ። ፓኬጅ ማለት ፋይል ብቻ አይደለም። ሲጫንና ሲወጣ የሚሮጡ ትንንሽ ስክሪፕቶች በውስጡ አሉ። የሚሮጡት በሩት ሥልጣን ነው። ሩት ደግሞ ማሽኑ ላይ የማይችለው ነገር የለም። ስለዚህ ከማን ፓኬጅ እንደምትወስዱ መምረጥ፣ ማሽናችሁ ላይ ማን ሩት እንዲሆን እንደምትፈቅዱ መምረጥ ነው።

ስም የመቀየሩ ጣጣ

በዴቢያን ውስጥ የመልቲሚዲያ ፓኬጆችን የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። እነሱ ላይ ችግሩ ይበዛባቸው ነበር። ሰው ቪዲዮዬ አልሠራ አለኝ ብሎ ይከሳል። ይመረመራል። ኋላ ላይ ሲታይ ማሽኑ ላይ ያለው ላይብረሪ የእነሱ አይደለም። የቨርዥኑ ጫፍ ላይ ዲኤምኦ የሚል ምልክት አለ፤ የግል ሪፖው መለያ ነው። ተጠቃሚው ግን ሁሉም ከዴቢያን የመጣ ይመስለዋል። ለምን አይመስለው? የአድራሻው ስም ራሱ በዴቢያን ነው የሚጀምረው።

በ2012 የዴቢያን ፕሮጀክት መሪ የነበረው ስቴፋኖ ዛኪሮሊ ለሪፖው ባለቤት ጻፈ። የሐሳቡ ጭብጥ ሁለት ምርጫ ነበር። ወይ አብረን እንሥራና ድግግሞሹን እናስቀር፤ ወይ ዴቢያን የሚለውን ስም ከዶሜንህ አውጣ። ውጤቱ ሁለተኛው ሆነ። ሪፖው ዴብ መልቲሚዲያ ዶት ኦርግ ተባለ፤ በዚያው ስም ሥራውን ቀጠለ።

እኔ እዚህ ላይ የዴቢያን ውሳኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ስም ኃላፊነት ነው። ያልሠራኸው ነገር በስምህ ሲሄድ ዝም ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። አሮጌው ስም የማን ይሁን?

ዶሜን አይገዛም፤ ይከራያል። ኪራዩ በየጊዜው ካልተከፈለ ስሙ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ መጀመሪያ የደረሰ ይወስደዋል። አከራዩ አዲሱን ተከራይ "ይህን ስም ስንት ኮምፒውተር ያውቀዋል?" ብሎ አይጠይቅም። ዴቢያን መልቲሚዲያ ዶት ኦርግ ተራ የሞተ ስም አልነበረም። በየቤቱና በየሰርቨሩ በሶርስስ ዶት ሊስት ውስጥ ተጽፎ የቀረ ስም ነበር። ማሽኖቹ አፕት አፕዴት በተባሉ ቁጥር ያንን በር ያንኳኳሉ። አዲስ ነገር አለ? ብለው ይጠይቃሉ። በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ አያውቁም።

ውክልና የሰጠኸው ሰው ቤቱን ለቅቆ ሄደ። ውክልናው ግን የተጻፈው በቤቱ ቁጥር ነው።

እውን ምን ያህል አደገኛ ነበር?

እዚህ ላይ መጋነን አያስፈልግም። አፕት ለዚህ ዓይነቱ ነገር መከላከያ አለው፤ ከዴቢያን 4.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2007 ወዲህ፣ በስቴብል እትም ውስጥ አለ። አሠራሩ እንደ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ሪፖ ሪሊዝ የሚባል ፋይል አለው። በእሱ ውስጥ የፓኬጅ ዝርዝሮቹ አሻራ ተጽፏል። በዝርዝሮቹ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ አለ። የሪሊዝ ፋይሉ በባለቤቱ የሚስጥር ቁልፍ ይፈረማል። እናንተ ጋ ያለው የአደባባይ ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። አንድ ፊደል ቢቀየር ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ስለዚህ ዶሜኑን የወሰደው ሰው አድራሻውን እንጂ የሚስጥር ቁልፉን አላገኘም። ማህተሙ ከድሮው ባለቤት ጋር ነው። አዲሱ ሰው አዲስ ፓኬጅ ሠርቶ በድሮው ፊርማ ማሳለፍ አይችልም።

ታዲያ ለምን ተሰጋ? ሦስት ነገር አለ፤ ሦስተኛው ነው የሚያሳስበኝ።

አንደኛው፣ የሚያንኳኳውን ያያል። የአይፒ አድራሻችሁን፣ የምትጠቀሙበትን እትም፣ የጠየቃችሁትን ፓኬጅ። ለሰርቨር አስተዳዳሪ ይሄ ቀላል መረጃ አይደለም።

ሁለተኛው፣ አሮጌ ነገር ሊያቀርብ ይችላል። የድሮ የሪሊዝ ፋይል ፊርማው ትክክለኛ ነው፤ ያኔ በትክክል ተፈርሟልና። ፋይሉ ማብቂያ ቀን ከሌለው አፕት እንደ ደህና ይቀበለዋል። በዚህ መንገድ ቀዳዳቸው የታወቀ አሮጌ ፓኬጆች አዲስ ለሚጭን ሰው ሊሰጡ ይችላሉ። ይሄ ወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። በ2008 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ጀስቲን ካፖስና ባልደረቦቹ በሐሰተኛ ሰውና በሐሰተኛ ድርጅት ስም ሚረር (የሪፖ ቅጂ የሚያቀርብ ሰርቨር) አቋቁመው ነበር። ዴቢያንና ኡቡንቱን፣ ፌዶራን፣ ኦፕን ሱሴንና ሴንት ኦኤስን ጨምሮ አምስቱም ስርጭቶች እንደ ሕጋዊ ሚረር ተቀበሏቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች መጥተው አንኳኩ፤ የመንግሥትና የወታደራዊ ተቋማት ማሽኖችም ነበሩበት። ተመራማሪዎቹ ጉዳት አላደረሱም። ግን በሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ አሳዩ።

ሦስተኛው አዲስ የሚመጣው ሰው ነው። ነገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ሰውየው ዴቢያንን ትናንት ነው የጫነው። ፊልም አልከፈት ብሎታል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የ2010 መመሪያ ያገኛል። መመሪያው ጥሩ ሰው በጥሩ ልብ የጻፈው ነው። ይህን አድራሻ ጨምር ይላል፤ አሮጌውን አድራሻ። ከዚያ የቁልፍ ፓኬጁን ጫን ይላል። የቁልፍ ፓኬጁ የሚመጣው ከራሱ ከሪፖው ነው። ቁልፉ ገና ማሽኑ ላይ ስለሌለ አፕት ፊርማውን ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ያስጠነቅቃል፦ የሚከተሉትን ፓኬጆች ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ሳይረጋገጡ ይጫኑ? ከጥያቄው ጎን ሁለት ፊደል አለ። ትንሿ ዋይ፣ ትልቁ ኤን። ትልቁ ፊደል ማለት ዝም ብለህ ኢንተር ብትመታ መልሱ "አይ" ነው ማለት ነው። አፕት ራሱ "አይ" ይሻላል እያለ ነው። መመሪያው ግን ይላል፦ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ችግር የለውም፣ ዋይ በል።

የያኔው የተለመደ አሠራር ይሄ ነበር። እኔም ዋይ ብዬ አውቃለሁ። ያኔ ከበሩ ጀርባ የነበረው የታወቀው ሰው ስለነበር ምንም አልሆነም።

ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ ግን ያቺ ዋይ ሌላ ናት። ቁልፍ የሚሰጠው እንግዳው ሰው ነው። ፓኬጁ የሚጫነው በሩት ነው። ስክሪፕቱ በሩት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ፊርማ ብሎ ነገር የለም፤ ማህተሙ የእሱ ሆኗል። በዚያ ላይ ያኔ አፕት የሚያምናቸው ቁልፎች ሁሉ በአንድ ከረጢት ነበር የሚቀመጡት። ከረጢቱ ውስጥ የገባ ቁልፍ የመጣበትን ሪፖ ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ሪፖ መፈረም ይችላል። የዴቢያንን ራሱን ጭምር።

የድሮዎቹ ተጠቃሚዎችም ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ፊርማ የጎደለው ሪፖ ሲያጋጥመው የያኔው አፕት ያስጠነቅቅ ነበር እንጂ አይዘጋም ነበር። ሥራውን በስክሪፕት የሚያስኬድ አድሚን ደግሞ ፎርስ የስ የምትባል አማራጭ ያስገባል፤ ጥያቄ እንዳይመጣበት። ያቺ አማራጭ ዋይን በሰው ፋንታ ትመታለች፣ ሌሊትም ቢሆን።

ዴቢያን ያደረገውና ለተጠቃሚው የቀረው ሥራ

ማስታወቂያው ጥሩ የነበረው ፍተሻውን ከነትእዛዙ መስጠቱ ነው። ግሬፕ በሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ አሮጌውን አድራሻ በሶርስስ ዶት ሊስት ፋይልና በሶርስስ ዶት ሊስት ዶት ዲ ፎልደር ውስጥ ፈልጉ አለ። መስመር ካወጣላችሁ አለባችሁ፤ ዝም ካለ የለባችሁም። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ ግልጽ መልስ። ሁለተኛ ፋይል ያለበትን ፎልደር መጥቀሳቸውም ትክክል ነው። ብዙ ሰው ዋናውን ፋይል ብቻ አይቶ ንጹሕ ነኝ ይላል፤ ፕሮግራሞች ራሳቸው የሚጨምሯቸው ሪፖዎች ግን ፎልደሩ ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

ሌላም ቁም ነገር ነበረበት። ከማስታወቂያው ስድስት ሳምንት በፊት፣ ሜይ 4 ቀን 2013፣ ዊዚ የተባለው የዴቢያን እትም ወጥቶ ነበር። ከ37,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ ብዙ ኮዴኮችና ማጫወቻዎችም ገብተውለት ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያው የውጭ ሪፖ አስፈላጊነት በጣም ቀንሷል አለ። እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሪፖ የምንጨምረው ለአንድ ችግር ነው። ችግሩ ከዓመታት በኋላ በራሱ ይፈታል። መስመሯ ግን ትቀራለች።

መስመሯን መሰረዝ ደግሞ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከዚያ ሪፖ የተጫኑት ፓኬጆች ማሽኑ ላይ እንዳሉ ናቸው። አሁን ደግሞ ወላጅ የላቸውም። የደህንነት አፕዴት የሚልክላቸው የለም። ኢፖካቸው ከፍ ያለ ስለሆነ የዴቢያን አዲስ ፓኬጅ ቢመጣም አይተካቸውም፤ አፕት የእነሱን አዲስ አድርጎ ነው የሚያየው።

የማጽዳቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መስመሯ ትውጣ። ቁልፉም ይውጣ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አፕዴት ይደረግ። ከዚያ የተጫኑትን ፓኬጆች ዘርዝሮ ዲኤምኦ የሚል ምልክት ያለባቸውን መለየት ነው። የማያስፈልገው ይውጣ። የሚያስፈልገው ወደ ዴቢያን ቅጂ ይመለስ። መመለሱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ አፕት በራሱ አይወርድም። ወይ የቨርዥኑን ቁጥር ጠቅሶ ማዘዝ፣ ወይ ለዴቢያን ሪፖ ለጊዜው ከ1000 በላይ ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል። ዴቢያን ወደ ታች መውረድን በይፋ አይደግፍም። ስለዚህ ቅድሚያ ባክአፕ። እኔ ከሃያና ከሠላሳ በላይ ፓኬጅ ከተነካ ማሽኑን እንደ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ። ከመታከት ያድናል።

ዛሬ ምን ተሻሻለ

ከዚያ ወዲህ አፕት ራሱ ተለውጧል። ፊርማ የሌለውን ሪፖ ዛሬ በነባሪው አይቀበልም። የጋራው የቁልፍ ከረጢትም እየቀረ ነው። አፕት ኪ የሚባለው ትእዛዝ ከ2020 ጀምሮ አሮጌ ተብሏል፤ በእሱ ፋንታ የእያንዳንዱ ሪፖ ቁልፍ ለብቻው ፋይል ይቀመጣል፤ በሪፖው መግለጫ ላይ ሳይንድ ባይ በሚል መስመር ይጠቀሳል። ትርጉሙ፦ ይህ ቁልፍ ለዚህ ሪፖ ብቻ ይመስክር። ልዩ ውክልና እንጂ ጠቅላላ ውክልና አይደለም። አሮጌ መመሪያ አፕት ኪ አድ በል ካላችሁ፣ መመሪያው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን በዚያው እወቁ።

የቅድሚያ ቁጥሩን ግን ማንም አያስተካክልላችሁም። እኔ የውጭ ሪፖ ስጨምር በዚያው ቅጽበት ፕሪፈረንስስ ዶት ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አጭር ፋይል እጽፋለሁ። ሦስት መስመር ናት። ሁሉም ፓኬጅ፣ ከዚህ አድራሻ የመጣ፣ ቅድሚያው 100። ዴቢያን ራሱ ያለውን አትንካ፤ የሌለውን ብቻ ስጠይቅህ ስጠኝ ማለት ነው። ከዚያ አፕት ፖሊሲ ብዬ የፈለግሁትን ፓኬጅ ስም እጽፋለሁ። እጩው ከየትኛው አድራሻ እንደሚመጣ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ያሳየኛል። የማላውቀው አድራሻ ካየሁ እዚያው እቆማለሁ።

ቁልፉን ሲያመጡ የአሻራውን ቁጥር ከሌላ ቦታ ጋር ማስተያየት ጥሩ ነው። ሪፖውና ቁልፉ ከአንድ በር ከወጡ፣ እማኙም ተከሳሹም አንድ ሰው ነው።

ዲጂታል ፊርማ የማይፈታው ነገር ግን አለ። ባለቤትነት በትክክለኛው መንገድ ሲተላለፍ። በጁላይ 2018 አርች ሊኑክስ በተባለው ሌላ ስርጭት ላይ የሆነው ይሄ ነው። ኤዩአር የሚባለው የተጠቃሚዎች ሪፖ ላይ አክሮሪድ የሚል ባለቤት የሌለው ፓኬጅ ነበር፤ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ነው። ባለቤት የሌለውን ፓኬጅ ማንም ሰው መረከብ ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል። አንድ ሰው ተረከበና ከኢንተርኔት ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ መስመር ጨመረበት። ስክሪፕቱ በየ360 ሴኮንዱ እየተነሳ ስለ ማሽኑ መረጃ ይሰበስብ ነበር። ቶሎ ተደረሰበትና ተመለሰ፤ የሰውየውም አካውንት ተዘጋ። በሩ ግን ያው የዴቢያን መልቲሚዲያ በር ነው። ነባሩ ለቀቀ፣ ስሙ ቀረ፣ እንግዳ ገባ።

ለዚህ መፍትሔው ቴክኒክ አይደለም፤ መዝገብ መያዝ ነው። እኔ በየሪፖው ፋይል አናት ላይ በሐሽ ምልክት የምትጀምር አንድ መስመር እጽፋለሁ። አፕት አያነባትም፤ ለሰው ናት። መቼ ጨመርኩት፣ ለየትኛው ፕሮግራም፣ ማን ነው የሚያዘጋጀው፣ መቼ ልመልከተው። አዲስ የዴቢያን እትም ሲወጣ ሁሉንም ሪፖ አጠፋለሁ፤ የሚያስፈልገኝን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ብዙ ጊዜ ግማሾቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ዋናው ሪፖ ውስጥ ገብተው አገኛቸዋለሁ።

አንድ ልመና አለኝ፤ በተለይ በአማርኛ መመሪያ ለምትጽፉ። የእኛ ሰው በቋንቋው የተጻፈ ነገር ሲያገኝ አምኖ ነው የሚከተለው፤ ትእዛዙን ኮፒ አድርጎ ተርሚናል ላይ ይለጥፋል። በመመሪያችሁ ውስጥ የውጭ ሪፖ አድራሻ ካለ ዛሬ ከፍታችሁ እዩት። አድራሻው አሁንም የዚያው ሰው ነው? ቁልፉስ? አሁንስ ያስፈልጋል? ካልሆነ መስመሩን አውጡት። የማትደርሱበት አሮጌ ጽሑፍ ከሆነ፣ ቢያንስ መቼ እንደተጻፈ አናቱ ላይ ቀኑን አስፍሩበት።